ሁለት የኤልኤም 3886 ቺፖችን በትይዩ አገናኝቶ አምፕሊፋየር መሥራት

በቤቱ አምፕሊፋየር የሚሠራ ሰው አንድ ቺፕ ሲያንሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሁለተኛውን ከጎኑ አስቀምጦ መግቢያውን ከመግቢያው፣ መውጫውንም ከመውጫው ጋር ማገናኘት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ ያለው አገናኙ ላይ ነው። የሁለት ቺፖች መውጫ በቀጥታ ሲገናኝ፣ በመካከላቸው ያለች የጥቂት ሚሊቮልት ልዩነት ስፒከሩ ዘንድ ሳትደርስ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው የሚዞር ከረንት ትፈጥራለች፤ ይህም ከረንት ድምፅ ሳይሆን ሙቀት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሽቦው አዘረጋግ ይልቅ ሁለቱን ቺፖች እኩል የማድረጉ ሥራ ሰፊውን ቦታ ይይዛል።

ለምሳሌ የተመረጠው ኤልኤም 3886 የተባለው የድምፅ አምፕሊፋየር ቺፕ ነው። መጀመሪያ ያወጣው ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ሲሆን፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተገዝቷል። ቺፑ 11 እግሮች አሉት፤ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መስመሮቹ መካከል ሲሠራ እስከ 84 ቮልት ይችላል፤ በውስጡም ከመጠን ያለፈ ከረንትንና ሙቀትን የሚከላከል ዑደት አለው። አንድ ጠባይ ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፦ ጌይኑ፣ ማለትም የማጉላት መጠኑ፣ ከ10 በታች ከሆነ ቺፑ ተረጋግቶ አይሠራም። እዚህ የምንሠራው በ21 ጌይን ነው።

ትይዩ ማገናኘት የሚጠቅመው መቼ ነው?

በትይዩ የተገናኙ ቺፖች ቮልቴጅ አይጨምሩም፤ የሚካፈሉት ከረንትን ነው። ሁለት ቺፖች አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲነዱ እያንዳንዱ ቺፕ የሚሰማው ጭነት 8 ኦም ነው፤ ሦስት ቢሆኑ ደግሞ 12 ኦም ይሆናል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ያለው ሰው እንግዲህ ከዚህ ሥራ ብዙ አይጠቀምም፤ አንዱ ቺፕ ብቻውን ያንን ጭነት ይችላልና ሁለተኛው የሚያመጣው ተጨማሪ ዋት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሁለት ቺፕ ገዝተው ኃይሉ እጥፍ ይሆናል ብለው የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው።

በ4 ኦም ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የኃይል አቅርቦቱ ጭነት ሳይኖር ±30 ቮልት ነው እንበል፤ ጭነት ሲገባ ወደ 28 ቮልት ይወርዳል፣ ከዚህም ውስጥ 3 ቮልት ያህሉ በቺፑ ውስጥ ይቀራል። ለስፒከሩ የሚደርሰው ጫፍ 25 ቮልት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም በ4 ኦም ላይ 78 ዋት ገደማ፣ በከረንት ደግሞ የ6.25 አምፔር ጫፍ ነው። አምራቹ ለአንድ ቺፕ በእርግጠኝነት ቃል የሚገባው ዝቅተኛ የከረንት ጣሪያ 7 አምፔር ነው። «4 ኦም» ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲዎች ወደ 3 ኦም ሊወርድ ስለሚችልና ያኔ የሚፈለገው ከ8 አምፔር በላይ ስለሚሆን፣ ብቸኛው ቺፕ የመከላከያ ዑደቱ ተነሥቶ ድምፁን ሊቆራርጠው ይችላል። ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዱ 4 አምፔር ገደማ ይሸከማል፣ መከላከያውም ዝም ብሎ ይተኛል።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ቺፕ በ±30 ቮልት ባለ 4 ኦም ጭነት ሲነዳ በከፋው ሁኔታ 48 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዱ 26 ዋት ገደማ ይደርሰዋል። ጠቅላላው ሙቀት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሁለተኛው ቺፕ ያለ ሥራ የሚወስደው ተጨምሮበታል። ነገር ግን ሙቀቱ በሁለት ጀርባዎች በኩል ስለሚወጣ የሲሊከኑ ሙቀት በብዙ ዲግሪ ይቀንሳል። ይህ ስሌት ለንጹሕ ሬዚስተር ጭነት የሚሠራ ሲሆን እውነተኛ ስፒከር ከዚህ የባሰ ሊያሞቅ ስለሚችል፣ ጥቂት ትርፍ አቅም መተው ብልህነት ነው።

የዙረት ከረንቱ ከየት ይመጣል?

ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ለሚዞረው ከረንት መፍትሔው በየቺፑ መውጫ ላይ አነስተኛ ሬዚስተር አስገብቶ ሁለቱን ከሬዚስተሮቹ ወዲያ ማገናኘት ነው። የተለመደው መጠን 0.1 ኦም ነው። ሁለቱ ቺፖች የተለያየ ቮልቴጅ ሲያወጡ በመካከላቸው 0.2 ኦም ይቆማል፤ የሚዞረውም ከረንት የልዩነቱ ቮልቴጅ ለ0.2 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሬዚስተሩ ቢተልቅ ዙረቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን የሚቆጣጠርበት አቅም ስለሚደክምና ኃይልም ስለሚባክን 0.1 ኦም ጥሩ አማካይ ነው።

የዙረቱ የመጀመሪያ ምንጭ የጌይን ልዩነት ነው፤ ቁጥሮቹን እንመልከት። የጌይን ሬዚስተሮቹ 20 ኪሎኦምና 1 ኪሎኦም ሲሆኑ፣ ሁሉም የ1 በመቶ ስሕተት ቢኖራቸውና ስሕተታቸው በሁለቱ ቺፖች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢወድቅ፣ የአንዱ ጌይን 21.4፣ የሌላው 20.6 ሊሆን ይችላል። ይህ በ25 ቮልት ጫፍ ላይ 0.95 ቮልት ያህል ልዩነት ነው፤ ለ0.2 ኦም ሲካፈል 4.7 አምፔር ይሆናል! ከስፒከሩ ድርሻ በላይ የሆነ ከረንት በሁለቱ ቺፖች መካከል ሲመላለስ ይውላል ማለት ነው። ስሕተቱ 0.1 በመቶ ሲሆን ግን ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት በታች፣ ዙረቱም በጫፉ ላይ ግማሽ አምፔር ገደማ ብቻ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ጥንድ በዘፈቀደ ከከረጢት ባወጣኋቸው የ1 በመቶ ሬዚስተሮች ሠርቼ ሂትሲንኩ (የቺፖቹን ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ገና በዝቅተኛ ድምፅ ለምን እንደሚፋጅ ለሁለት ቀን ያህል ከሽቦው ጋር ስታገል ነበር፤ ጥፋቱ ከሽቦው አልነበረም።

ሁለተኛው ምንጭ የዲሲ፣ ማለትም የማይለዋወጥ ቮልቴጅ፣ ልዩነት ነው። የቺፑ የመግቢያ ኦፍሴት (ሲግናል ሳይኖር በመግቢያው ላይ ያለው የቮልቴጅ ስሕተት) ብዙ ጊዜ 1 ሚሊቮልት ገደማ ቢሆንም አምራቹ እስከ 10 ሚሊቮልት ይፈቅዳል። ይህ በ21 ሲባዛ በየቺፑ እስከ 210 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል፤ የሁለቱ አቅጣጫ ተቃራኒ ከሆነም ሙዚቃ ሳይኖር 2 አምፔር ይዞራል። ስለዚህ ከ1 ኪሎኦሙ ሬዚስተር በተከታታይ ወደ ግራውንድ (ወደ ዜሮ ቮልት መስመሩ) የሚሄድ ካፓሲተር ይገባል፤ ካፓሲተሩ ለዲሲ ጌይኑን ወደ 1 ስለሚያወርደው የከፋው ልዩነት 20 ሚሊቮልት፣ ዙረቱም 0.1 አምፔር ይሆናል።

ካፓሲተሩ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህንን ነው። በአንድ ቺፕ ሥራ ላይ 47 ማይክሮፋራድ ይበቃል። በትይዩ ሥራ ላይ ግን የካፓሲተሮቹ መጠን ሲለያይ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሁለቱ መውጫዎች ፌዝ፣ ማለትም የሞገዶቹ የጊዜ አቀማመጥ፣ ይለያያል። ከተጻፈው 20 በመቶ ከፍና ዝቅ ያሉ ሁለት ባለ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች በ20 ኸርትዝ ላይ 7 በመቶ ያህል የመውጫ ልዩነት ያመጣሉ፤ ይህ በሙሉ ኃይል ከ8 አምፔር በላይ ዙረት ነው። መጠኑን ወደ 220 ማይክሮፋራድ ከፍ ማድረግና በካፓሲተር መለኪያ እርስ በርሳቸው ከ5 በመቶ በላይ የማይለያዩ ሁለት መምረጥ ዙረቱን በዚያው ፍሪኩዌንሲ ወደ 0.2 አምፔር ያወርደዋል። ፖል የሌላቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ የቮልቴጅ አቅማቸው 16 ቮልት ቢሆን ይበቃል።

ሬዚስተሮቹን ማዛመድ

የ0.1 በመቶ ሬዚስተር ከተገኘ ይህ ክፍል ሊታለፍ ይችላል። ካልተገኘ ከአንድ ጥቅል ባለ 1 በመቶ የሜታል ፊልም ሬዚስተር ሃያ ያህል ይውሰዱና ከመካከላቸው ጥንዶችን ይምረጡ። የሚፈለገው ትክክለኛው 20 ኪሎኦም መሆኑ አይደለም፤ የአንደኛው ቺፕ ሬዚስተር ከሁለተኛው ቺፕ ሬዚስተር ጋር እኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም 20.15 ኪሎኦም ቢሆኑ ምንም ችግር የለም፤ አንዱ 20.0 ሌላው 20.15 ከሆነ ግን አይሆንም።

ተራ መልቲሜትር በኦም መስመሩ ላይ 0.1 በመቶን ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ለዚህ አራት ሬዚስተሮችን በድልድይ ማገናኘት ይሻላል። ከ10 ቮልት የዲሲ ምንጭ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሬዚስተሮችን በተከታታይ ያገናኙ፤ ከእነርሱ ጎን ሌላ እንዲሁ ያለ ጥንድ ያገናኙ፤ መልቲሜትሩን በዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገው የሁለቱን ጥንዶች መካከለኛ ነጥቦች ይለኩ። ከዚያም ሦስቱን ሳይነኩ አራተኛውን ብቻ እየቀያየሩ ንባቡን ይመዝግቡ። በዚህ አሠራር የ0.1 በመቶ ልዩነት 2.5 ሚሊቮልት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ደግሞ ርካሹ መልቲሜትርም በደንብ ያነበዋል። ንባባቸው በ1 ሚሊቮልት ውስጥ የሚገናኝ ሁለት ሬዚስተሮች ጥንድ ናቸው። ሬዚስተሩን በጣት ይዘው አይለኩ፤ የሙቀት ጠባዩ በዲግሪ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) የሆነ ሬዚስተር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ብቻ 0.1 በመቶ ይለወጣልና የጣት ሙቀት ልፋቱን ያበላሻል። ይህን ለ20 ኪሎኦሞቹም ለ1 ኪሎኦሞቹም ያድርጉ።

ባለ 0.1 ኦም ሬዚስተሮቹ 1 በመቶና 5 ዋት ቢሆኑ ይበቃል። በእነርሱ ላይ የሚባክነው ኃይል በሙሉ ድምፅ እንኳ በየአንዳንዳቸው ግማሽ ዋት ገደማ ስለሆነ 5 ዋቱ ለሙቀት እርጋታ የተተወ ትርፍ ነው።

ሽቦውን ማገናኘት

የቺፑን እግሮች መጀመሪያ እንለይ። 1ኛውና 5ኛው የፖዘቲቭ መስመር ናቸው፤ ሁለቱም መገናኘት አለባቸው። 3ኛው መውጫ፣ 4ኛው ኔጌቲቭ መስመር፣ 7ኛው ግራውንድ፣ 8ኛው ድምፅ ማፈኛ፣ 9ኛው ተገልባጭ መግቢያ፣ 10ኛው ቀጥተኛ መግቢያ ነው። 2ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው ባዶ ይተዋሉ።

መግቢያው ለሁለቱም ቺፖች አንድ ነው። ከመግቢያ ሶኬቱ የሚመጣው ሲግናል በ2.2 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር በኩል ያልፋል፤ ከካፓሲተሩ ወዲያ አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ሲግናል ግራውንድ ይወርዳል፤ ቀጥሎ 1 ኪሎኦም በተከታታይ ይገባና ከእርሱ በኋላ ያለው ነጥብ በ220 ፒኮፋራድ ወደ ግራውንድ ተይዞ ወደ ሁለቱም 10ኛ እግሮች ይከፈላል። ለየቺፑ የተለያየ የመግቢያ ካፓሲተር ማድረግ ስሕተት ነው፤ ከላይ የተባለውን የፌዝ ልዩነት በሌላ በር መልሶ ያስገባዋል። 10 ኪሎኦም የተመረጠበትም ምክንያት አለው፦ በእርሱ ውስጥ የሁለት ቺፖች የመግቢያ ከረንት ስለሚያልፍ፣ የሚፈጠረው ቮልቴጅ በየቺፑ 20 ኪሎኦም ላይ ከሚፈጠረው ጋር ይቀራረብና የዲሲ ኦፍሴቱን ያቀልለዋል።

በየቺፑ ላይ ከ3ኛው እግር ወደ 9ኛው እግር 20 ኪሎኦሙ ይበየዳል፤ ከ9ኛው እግር ደግሞ 1 ኪሎኦሙና 220 ማይክሮፋራዱ በተከታታይ ወደ ሲግናል ግራውንድ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ በጥብቅ ሊያዝ የሚገባው ነገር፣ 20 ኪሎኦሙ የሚነሣው ከራሱ ከ3ኛው እግር እንጂ ከ0.1 ኦም ሬዚስተሩ ወዲያ ካለው የጋራ ነጥብ አለመሆኑ ነው። ከጋራው ነጥብ ከተነሣ ሁለቱም ቺፖች አንዱን ነጥብ እኔ ልወስን እያሉ ይታገላሉ፤ አንዱ ሙሉ ከረንት ሲገፋ ሌላው ሙሉ ከረንት ሲስብ የ0.1 ኦም ሬዚስተሮቹ መኖር ምንም አይረዳም።

ከየ3ኛው እግር 2.7 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ወደ ኃይል ግራውንድ ይገባሉ፤ እነዚህ ከ0.1 ኦሙ በፊት፣ ከእግሩ አጠገብ ይሁኑ። ከዚያ የየቺፑ 0.1 ኦም ሬዚስተር ይመጣል፤ ሁለቱ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ከ3ኛው እግር እስከዚህ ነጥብ ያለው የሁለቱ መንገድ ርዝመት እኩል እንዲሆን ቦርዱን በመስታወት እንደሚታይ ምስል አመጣጥኖ መሥራት ይመረጣል። ከመገናኛው ነጥብ ወደ ስፒከሩ 0.7 ማይክሮሄንሪ ገደማ የሆነ ጥቅልና ከእርሱ ጋር በትይዩ የቆመ 10 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ ጥቅሉ ባለ 1 ሚሊሜትር የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በ10 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ 10 ዙር በመጠቅለል ይገኛል። አንዱ ለሁለቱም ይበቃል።

በየቺፑ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ እግሮች ላይ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ከእግሩ ጥቂት ሚሊሜትር ሳይርቅ፣ ከጎኑም 220 ማይክሮፋራድ ይበየዳል። ሁለቱን ቺፖች በአንድ ጥንድ ካፓሲተር ለማገልገል መሞከር ቁጠባ አይደለም።

ድምፅ ማፈኛው 8ኛ እግር ማፈኑን ትቶ ድምፁን የሚለቀው ከእርሱ ቢያንስ 0.5 ሚሊአምፔር ሲሳብ ነው። ከየ8ኛው እግር 10 ኪሎኦም ወደ አንድ የጋራ ነጥብ ይምጣ፤ የጋራው ነጥብ በሌላ 10 ኪሎኦም ወደ ኔጌቲቭ መስመር ይሂድ፤ ከዚያው ነጥብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ጫፉ ግራውንድ ላይ ሆኖ ይበየድ። በ30 ቮልት በየእግሩ 0.9 ሚሊአምፔር ገደማ ይሳባል። ነጥቡ የጋራ የሆነው ሁለቱ ቺፖች በአንድ ጊዜ እንዲከፈቱና በአንድ ጊዜ እንዲዘጉ ነው።

ግራውንድ

የኃይል ካፓሲተሮቹ መካከለኛ ነጥብ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ የኃይል መሙያ ምት የሚያልፍበት ስለሆነ የሲግናል ማረፊያ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ነጥብ አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ወደ ኮከብ ነጥብ ይውጣ፤ የስፒከሩ መመለሻ፣ የኃይል ግራውንዱና የሲግናል ግራውንዱ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሽቦ ወደዚህ ይምጡ። 7ኛው እግር በሲግናል ግራውንዱ በኩል ይመለሳል።

የሁለቱ ቺፖች ካፓሲተር ጫፎች በሲግናል ግራውንዱ ላይ በአንድ ነጥብ፣ በእውነትም በአንድ ቀዳዳ ላይ ማረፍ አለባቸው። በሁለት ቦታ ቢያርፉና በቦታዎቹ መካከል 3 ሚሊቮልት ብቻ ቢኖር፣ ያ ልዩነት በ20 ተባዝቶ 60 ሚሊቮልት ይሆንና 0.3 አምፔር ያዞራል። ሬዚስተር በማዛመድ የተገኘውን ሁሉ አንድ ሰነፍ የግራውንድ መስመር ሊያጠፋው ይችላል።

ሂትሲንክና ኃይል

ቺፑ በሁለት ዓይነት ልባስ ይመጣል። ጀርባው ብረት የሆነው ሙቀትን በተሻለ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ብረቱ ከኔጌቲቭ መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ)፣ የፕላስቲክ ራንዴላና የሙቀት ቅባት ያስፈልገዋል። ሁለንተናው በፕላስቲክ የተለበጠው ሚካ አይፈልግም፤ የሙቀት መንገዱ ግን ጠበብ ያለ ነው። የውጩ አየር 35 ዲግሪ ሆኖ ሲሊከኑ ከ125 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ ለመጀመሪያው ዓይነት በዋት 1 ዲግሪ ገደማ፣ ለሁለተኛው በዋት 0.6 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ሂትሲንክ ይበቃል። ሁለቱ ቺፖች በአንድ ሂትሲንክ ላይ፣ ከመካከሉ በእኩል ርቀት ይታሰሩ፤ በሙቀት ከተለያዩ ኦፍሴታቸውም ይለያያል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከጀርባው ብረት ወደ ሂትሲንኩ በኦም ይለኩ፤ መልቲሜትሩ ምንም መገናኘት ማሳየት የለበትም።

ለአንድ ቻናል 22-0-22 ቮልት 200 ቪኤ ትራንስፎርመር፣ ባለ 25 አምፔር ድልድይ ሬክቲፋየርና በየመስመሩ 10,000 ማይክሮፋራድ ባለ 50 ቮልት ካፓሲተር ይበቃል። በየካፓሲተሩ ላይ 2.2 ኪሎኦም 1 ዋት ሬዚስተር ይደረግ፤ ሲጠፋ ኃይሉን ያፈሳል። በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መስመር ላይ አንዳንድ ባለ 4 አምፔር ፊውዝ ለሁለቱም ቺፖች በጋራ ይቀመጥ እንጂ ለየቺፑ የተለያየ ፊውዝ አይደረግ። የአንዱ ቺፕ ፊውዝ ብቻ ቢበጠስ፣ በሕይወት ያለው ቺፕ ከረንቱን ወደ ሞተው ይገፋል። የብረት ሣጥኑ ከምድር ሽቦው ጋር በብሎን ይታሰር፤ በትራንስፎርመሩ መግቢያም ፊውዝ ይኑር።

ከማገናኘት በፊት መፈተሽ

የመገናኛው ነጥብ እስካሁን አልተበየደም፤ ይህ ሆን ተብሎ ነው። መጀመሪያ ቺፖቹ ከኃይሉ ተለያይተው የኃይል አቅርቦቱ ብቻ ይፈተሽ። የ60 ወይም የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ከመብራት መስመሩ ጋር በተከታታይ ይግባ፤ ሲበራ ለቅጽበት ደምቆ ወዲያው ከደበዘዘ ጤና ነው፤ እንደደመቀ ከቀረ አጥፍተው ስሕተቱን ይፈልጉ።

ቀጥሎ ቺፖቹ ይገናኙ፤ በሁለቱ ፊውዞች ቦታ ግን 10 ኦም 5 ዋት ሬዚስተሮች ይግቡ። እያንዳንዱ ቺፕ ያለ ሲግናል ብዙ ጊዜ 50፣ ቢበዛ 85 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ፣ በየሬዚስተሩ ላይ ከ1 እስከ 1.7 ቮልት መታየት አለበት። ከዚህ ብዙ ከበለጠ አንዱ ቺፕ በማይሰማ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል።

ከየ3ኛው እግር ላይ አጭር የመለኪያ ሽቦ ቀድመው ይበይዱ፤ የመልቲሜትር ጫፍ ከ3ኛው ወደ 4ኛው ተንሸራትቶ ቺፕ ማቃጠሉ የተለመደ ጥፋት ነውና። ሁለቱን የመለኪያ ሽቦዎች እርስ በርስ በዲሲ ይለኩ፤ ከ10 ሚሊቮልት በታች ከሆነ መልካም ነው፤ ከ20 ካለፈ የግራውንዱን ወይም የካፓሲተሩን ብየዳ ይመርምሩ። ቀጥሎ ከስልክ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ የ1,000 ኸርትዝ ሳይን ድምፅ ያስገቡና የእያንዳንዱ ቺፕ መውጫ 10 ቮልት ኤሲ ገደማ እስኪሆን ከፍ ያድርጉት። ስልኩ ያን ያህል ካልደረሰ የደረሰበትን ይውሰዱ፤ ዋናው ንጽጽሩ ነው። መልቲሜትሩን በኤሲ ሚሊቮልት አድርገው በሁለቱ መውጫዎች መካከል ይለኩ። ልዩነቱ ከአንዱ መውጫ 0.2 በመቶ፣ ማለትም በ10 ቮልት ላይ 20 ሚሊቮልት፣ በታች ሊሆን ይገባል። ይህንኑ በ50 ኸርትዝ ይድገሙት። በ1,000 ኸርትዝ ጥሩ ሆኖ በ50 ከከፋ ጥፋተኞቹ ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ በሁለቱም ከከፋ ሬዚስተሮቹ ናቸው።

አሁን ኃይሉ ጠፍቶ፣ ካፓሲተሮቹ ከ1 ቮልት በታች መውረዳቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ የ0.1 ኦም ሬዚስተሮቹ የጋራ ነጥብ ይበየድና ያለ ሲግናል እንደገና ይብራ። በየሬዚስተሩ ላይ ያለው 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ስፒከር ስላልተገናኘ የሁለቱ ንባብ በመጠን እኩል፣ በምልክት ተቃራኒ ይሆናል። 5 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ፊውዞቹን ይመልሱ።

የመጨረሻው ፈተና በ4 ኦም 100 ዋት የጭነት ሬዚስተር ላይ ነው። በ1,000 ኸርትዝ መውጫውን ወደ 10 ቮልት ያድርሱ፤ ጠቅላላው ከረንት 2.5 አምፔር ስለሆነ በየ0.1 ኦሙ ላይ 125 ሚሊቮልት ገደማ ኤሲ መታየት አለበት። አንዱ 130 ሌላው 120 ቢሆን ምንም አይደለም። አንዱ 170 ሌላው 80 ከሆነ ግን ሥራው ወደ ማዛመዱ ክፍል ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ከሠራ በኋላ ሂትሲንኩ ሞቆ ሳለ መለኪያውን ይድገሙ፤ ብርድ ላይ እኩል የነበሩ አንዳንድ ጥንዶች ሲሞቁ ይለያያሉ።

ሲያስቸግር

አንዱ ቺፕ ያለ ድምፅ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ከሁሉ በፊት በ0.1 ኦሙ ላይ ያለው ዲሲ ይለካ፤ ዲሲው ትንሽ ሆኖ ሙቀቱ ካለ ቺፑ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ 100 ናኖፋራዶቹን ወደ እግሩ ማቅረብ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ሆነው በከፍተኛ ባስ ላይ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የመከላከያው ዑደት እየተነሣ ነው፤ ይህ በሁለት ቺፖች ላይ ከታየ ስፒከሩ ከ4 ኦም በጣም ዝቅ ይላል፣ ወይም አንዱ 0.1 ኦም በደንብ አልተበየደምና አንዱ ቺፕ ብቻውን እየሠራ ነው። ይህኛውን በቀላሉ ለማወቅ፣ ሲግናል እያለ በሬዚስተሮቹ ላይ መለካት ይበቃል፤ በትክክል ያልተበየደው በኩል ዜሮ ይታያል።

ሦስተኛ ቺፕ መጨመር ለሚፈልግ ሰው ደንቡ ያው ነው፤ ሦስቱም በአንድ የማዛመጃ ንባብ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ የመግቢያው ሬዚስተርም ወደ 6.8 ኪሎኦም ይወርዳል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ያለው ሰው የሚፈልገው ትይዩ ሳይሆን ብሪጅ ነው፤ በዚያ አሠራር አንዱ ቺፕ ሲግናሉን ገልብጦ ስለሚያወጣ እያንዳንዱ የስፒከሩን ግማሽ ኢምፒዳንስ ይሸከማል። ማዛመድ ለሚያታክተው ደግሞ ቲዲኤ 7293 የተባለው ቺፕ አለ፤ በውስጡ አንዱ ዋና፣ ሌላው ተከታይ ሆኖ እንዲሠራ የተዘጋጀ አሠራር ስላለው ተከታዩ ቺፕ የራሱን የመግቢያ ክፍል አይጠቀምም፣ የጌይን ልዩነት የሚባል ነገርም አይነሣበትም።